የጦርነት ዘመን ድራማ በታዳጊ ልጅ ዓይን እንዴት ይጻፋል? ከባዶ ወረቀት እስከ መጀመሪያው ረቂቅ

ስክሪፕት መጻፍ የጀመሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ታሪኬ የጦርነት ዘመን ነው፣ ዋና ገጸ ባሕርዬ የ14 ዓመት ልጅ ናት። ስጽፈው ግን ልጅቷ ትጠፋና ድራማው የጄኔራሎች ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ሙሉውን አሠራር እዚህ ላስቀምጠው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሕግ ያዙ። ልጅቷ ያላየችውን ካሜራው አያይም፣ ያልሰማችውን አይሰማም። ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ይህን ሕግ ለማስከበር የተቀመጡ ናቸው።

ለምሳሌ የምጠቀመው የሌኒንግራድን ከበባ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር የሶቪየቷን ከተማ ከብቦ ያስራበበትን ጊዜ። ከተማዋ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ ናት። የመረጥኳት የነዋሪው የዕለት ኑሮ በግራም ሳይቀር ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው። እናንተ የምትጽፉት ስለ ሌላ ጦርነት ከሆነም እርምጃዎቹ ያው ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ደብተር። አንዱ ለመረጃ፣ አንዱ ለድርሰቱ። አትቀላቅሏቸው።
- የከተማው ወይም የመንደሩ የዚያ ዘመን ካርታ። የዛሬው አይሆንም፤ መንገዱም ስሙም ተለውጧል።
- በዚያ ጊዜ የተጻፉ ማስታወሻዎች፣ ደብዳቤዎች፣ ጋዜጦችና ፎቶዎች። ከ30 ዓመት በኋላ የተጻፈ ትዝታም ይጠቅማል፣ ግን ለብቻው አስቀምጡት።
- የቦታው የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰዓት በየወሩ።
- ቀን መለወጫ፣ ከአውሮፓ አቆጣጠር ወደ እኛ።
- የስክሪፕት መጻፊያ ፕሮግራም። ከሌላችሁ ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ይበቃል።
- በልጅቷ ዕድሜ ያለች አንዲት አንባቢ፣ ከወላጆቿ ፈቃድ ጋር።

እርምጃ 1፦ ሳምንታቱን ምረጡ

ከበባው ከሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ቆይቷል፤ 872 ቀን ይባላል። ይህን ሁሉ በአንድ ድራማ ልያዝ ካላችሁ ልጅቷ ከአንዱ ክስተት ወደ ሌላው ስትሮጥ ድራማው ያልቃል። የራሱ መነሻና መድረሻ ያለው ጠባብ ጊዜ ፈልጉ።

እኔ ብጽፈው ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 1941 ያለውን እወስድ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት የዳቦው ራሽን ከምንጊዜውም በላይ ወርዶ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ በቀን 250 ግራም፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ጥገኛና ሕፃን 125 ግራም ያገኙ ነበር። ዲሴምበር 25 ላይ ጨመረ። ራሽኑ የወረደበት ቀን መነሻ ይሆናል፣ የጨመረበት ቀን መድረሻ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ጊዜው ሲጠብ ተመልካቹ ቀኑን ከልጅቷ ጋር አብሮ ይቆጥራል። ከሁለት ዓመት በላይ ሲሆን ግን መቁጠሩን ይተወዋል።

እርምጃ 2፦ ዕድሜዋን በቁጥር ወስኑ

«ታዳጊ» ብላችሁ አትለፉት። 11 ናት? 13? 15? በጦርነት ጊዜ መንግሥት ዕድሜን የሚያየው በሕግና በወረቀት ነው። በሌኒንግራድ የልጅ ካርድ የሚሰጠው እስከ 12 ዓመት ነበር። ከዚያ በላይ ያለና ሥራ የሌለው ጥገኛ ተብሎ ይመዘገባል። ፋብሪካ የገባ ታዳጊ ደግሞ የሠራተኛ ካርድ ያገኛል። በእነዚያ ሳምንታት ይህ ማለት የዳቦው እጥፍ ነው።

እንግዲህ የ11 ዓመቷ፣ የ13 ዓመቷና የ15 ዓመቷ ሦስት የተለያዩ ድራማዎች ናቸው። በምትጽፉበት ጦርነት እነዚህን አራት ነገሮች ፈልጋችሁ ጻፉ፦ ትምህርት ቤት እስከ ስንት ዓመት ነበር? ሥራ ከስንት ዓመት ጀምሮ? ሕፃናትን ከከተማ ሲያስወጡ ዕድሜያቸው ስንት ድረስ ነበር? ወንድሟ ስንት ዓመት ሲሞላው ይዘምታል? መልሱ ሲገኝ ግማሹ የታሪኩ ሴራ በእጃችሁ ገባ ማለት ነው።

እርምጃ 3፦ ባለ ሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ ሥሩ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ እርምጃ ብቻ ትሠራላችሁ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ደብተራችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምድ ቀኑን። በሁለተኛው በዚያን ቀን በእውነት የሆነውን። በሦስተኛው ልጅቷ ያየችውን፣ የሰማችውን፣ ወይም በስህተት ያመነችውን።

ይህን ይመስላል።

ኖቬምበር 22። የሆነው፦ ምግብ ለማምጣት መኪኖች በረዶ በሆነው የላዶጋ ሐይቅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻገሩ። እሷ ዘንድ የደረሰው፦ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴትዮ «መንገድ ተከፍቷል አሉ» ትላለች፣ ሌላዋ ዝም በይ ትላታለች።

ዲሴምበር 9። የሆነው፦ የሶቪየት ጦር ቲክቪንን መልሶ ያዘ፣ ለምግብ ማመላለሻ የሚያስፈልገው የባቡር መስመርም በዚሁ ሊከፈት ቻለ። እሷ ዘንድ የደረሰው፦ ራዲዮው የአንድ ከተማ ስም ይጠራል። ስሙ ለእሷ ምንም አይደለም። ውኃ ለመቅዳት ትወጣለች።

ዲሴምበር 25። የሆነው፦ የጥገኛና የሕፃን ራሽን ወደ 200 ግራም፣ የሠራተኛው ወደ 350 አደገ። እሷ ዘንድ የደረሰው፦ ሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ዳቦ ከትናንቱ ይበልጣል። ሻጯ የተሳሳተች ይመስላታል። እንዳይወስዱባት ዳቦውን አቅፋ ትሮጣለች።

የመጨረሻዋን መስመር ደግማችሁ አንብቧት። የጦር ግንባሩ ድል፣ የባቡሩ መስመር፣ በበረዶው ላይ ያለፉት መኪኖች ሁሉ እዚያች ሩጫ ውስጥ አሉ። አንድም ጄኔራል አልተናገረም። ልጅቷ ምክንያቱን አታውቅም፣ ተመልካቹም እዚያው ዳቦ ቤት ውስጥ አብሯት ይደነግጣል።

ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ቀን ካለ፣ ያ ክስተት የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ድራማው ውስጥ አይገባም። ይህ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ያን ሁሉ አንብባችሁ መተው ያንገበግባል። ግን ተዉት።

እርምጃ 4፦ ፍላጎቷን አግኙላት

«መትረፍ ትፈልጋለች» ፍላጎት አይደለም። መትረፍ ሁሉም ይፈልጋል። የእሷን ለብቻው ፈልጉ። ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን፣ ቤት ውስጥ ካለ አንድ ሰው ጋርም የሚያጋጫት ይሁን።

በምሳሌያችን ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው፣ ታናሽ ወንድም አላት። ፋብሪካ ገብታ የሠራተኛ ካርድ ማግኘት ትፈልጋለች። እናቷ እምቢ አለቻት። ፋብሪካው ይደበደባል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ትራሙም በዚያ ዲሴምበር ቆሟል፤ በዚያ ብርድ በ125 ግራም ዳቦ ደርሶ መልስ በእግር መሄድ ራሱ ይገድላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እናትየዋ ክፉ ከሆነች ድራማው ሞተ፤ ሁለቱም ትክክል ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ትዕይንት ጉልበት ያገኛል።

ሰውነቷንም አትርሱ። ጸሐፊዎች አዘውትረው የሚዘሉት ይህን ነው። ልጅቷ እያደገች ያለች ልጅ ናት፣ ጦርነት መጣ ተብሎ ዕድሜ አይቆምም። ጫማው ይጠባል፣ አዲስ ጫማ የለም። ረሃብ ሲበረታ የወር አበባ ይቋረጣል። ምክንያቱን የሚነግራት ካልኖረ ምን እንደምታስብ ገምቱ። ታመምኩ ትላለች? ወይስ ደስ ይላታል? ለማን ትናገራለች? እዚህ ጋ የምትጽፉት ትዕይንት ስለ ወታደር ከሚጻፈው ድራማ ውስጥ በጭራሽ አይገኝም።

እርምጃ 5፦ ሦስት ዕቃ ምረጡ

ከሦስት አትበልጡ። እያንዳንዱ ዕቃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይመለስ፣ በተመለሰ ቁጥርም ትርጉሙ ይቀየር። ለምሳሌያችን የራሽን ካርዱ፣ ውኃ የሚጎተትበት የበረዶ ሸርተቴና የቤቱ ትንሽ ምድጃ ይሆናሉ።

ካርዱ ከጠፋ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ የት እንደምትደብቀው ማሳየት አለባችሁ። ሸርተቴው በፊት መጫወቻዋ ነበር። አሁን ከኔቫ ወንዝ ውኃ ትጎትትበታለች። በሦስተኛው ጊዜ ምን እንደሚጫንበት ተመልካቹ ሳይነገረው ይገባዋል። ምድጃው መጀመሪያ ወንበር ይበላል፣ ቀጥሎ መጽሐፍ። የትኛው መጽሐፍ በስንተኛው ሳምንት እንደሚቃጠል ወስኑ፤ የመጨረሻው መጽሐፍ የማን ነው?

ዕቃ የሚያስፈልገው በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ስሜቷን ቁጭ ብላ ስለማትተነትን ነው። ዕቃው ይናገርላታል፣ እናንተም ረጅም ንግግር ከመጻፍ ትድናላችሁ።

እርምጃ 6፦ የድምፅና የብርሃን ዝርዝር አውጡ

በከተማዋ ራዲዮ ላይ ፕሮግራም በሌለ ጊዜ የሜትሮኖም (በእኩል ፍጥነት ምት የሚመታ መሣሪያ) ምት ይሰማ ነበር። ቀስ ያለው ምት ሰላም ነው። ሲፈጥን የአየር ድብደባ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን አንዴ ካስተማራችሁት ተመልካቹ ከዚያ በኋላ ምቱ ሲፈጥን ሆዱ ይሸበራል፤ አውሮፕላን ማሳየት ላያስፈልግ ይችላል። በጀትም ይቆጥባል።

ብርሃኑን ደግሞ ከፀሐይ ሰዓቱ ውሰዱ። ሌኒንግራድ በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ብርሃን የሚቆየው ለ6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ጠዋት ዳቦ ለመሰለፍ የምትወጣው በድቅድቅ ጨለማ ነው ማለት ነው። «ጠዋት፣ ፀሐይ» ብላችሁ ብትጽፉ ስህተቱ ከአልባሳት እስከ መብራት ድረስ ይከተላችኋል።

እርምጃ 7፦ አንድ ትዕይንት እስከ ጫፍ ጻፉ

ሙሉ ስክሪፕቱን ከመጀመራችሁ በፊት አንዱን ትዕይንት ጨርሱ። ድምፀቱ የሚገኘው እዚያ ነው። አጻጻፉ የተለመደው ነው፦ ውስጥ ወይስ ውጭ፣ የት፣ መቼ። ግሱ የአሁን ጊዜ ይሁን። የሚታይና የሚሰማ ብቻ ይጻፍ።

ትዕይንት 9። ውስጥ። ዳቦ ቤት። ጠዋት፣ ጨለማ።
ሚዛን ላይ ዳቦ። መርፌው ገና አልደረሰም። ሻጯ ትንሽ ቁራሽ ቆርጣ ትጨምራለች። መርፌው ይቆማል። ልጅቷ ዓይኗን ከመርፌው ላይ አታነሳም። ሻጯ ከካርዱ ላይ የዛሬዋን ኩፖን በመቀስ ትቆርጣለች። ልጅቷ ዳቦውን ካፖርቷ ውስጥ ትከታለች። ቁራሿን ለብቻዋ በመዳፏ ትይዛለች።

ትዕይንት 10። ውስጥ። የቤቷ ደረጃ። ቀጥሎ።
ትቆማለች። መዳፏን ትከፍታለች። ከላይ የወንድሟ ሳል። መዳፏን ትዘጋለች። ትወጣለች።

ሚዛን ለመሙላት የምትጨመረው ቁራሽ በዚያን ጊዜ ሁሉም የሚያውቃት ነገር ነበረች። ብዙዎች መንገድ ላይ ይበሏት ነበር። ትዕይንቱ ላይ «ርቧታል»፣ «ወንድሟን ትወዳለች» የሚል አንድም ቃል እንደሌለ አስተውሉ። እንዲህ ያለ ቃል ካስገባችሁ ተዋናይዋ የምትሠራው ነገር ታጣለች።

አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። ለፊልም ከ90 እስከ 110 ገጽ ይበቃል።

እርምጃ 8፦ ጭካኔውን በእሷ ቁመት አሳዩ

ድብደባ፣ ሞት፣ አስከሬን ይኖራል። አትደብቁት፣ አታግዝፉትም። ጥያቄው አንድ ነው፦ በዚያች ደቂቃ እሷ የት ቆማለች? በር ኋላ ከሆነች የምናየው በሩን ነው። እናቷ ዓይኗን ከሸፈነቻት የምንሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ፈርታ መሬት ላይ ከተኛች የሚታየው ጫማ ነው። ታዳጊ ልጅ በድንጋጤ ጊዜ ከትልቁ ነገር ይልቅ አንድ ጥቃቅን ነገር ላይ ዓይኗ ሊተከል ይችላል፤ የተፈታ የጫማ ክር፣ የፈሰሰ ውኃ። ካሜራውን እዚያ ላይ አቁሙት።

እርምጃ 9፦ ምልልሱን ቀንሱ

ከጻፋችሁ በኋላ እያንዳንዱን ምልልስ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሁለቱም ሰዎች የሚያውቁትን ነገር እየተነጋገሩ ከሆነ ሰርዙት። አባት ለልጁ «እንደምታውቂው ጀርመኖች በሴፕቴምበር ከበውናል» አይልም። ይልቅ «መስኮቱን በወረቀት አጣብቂው» ይላታል። አዋቂዎች ልጅ ሲገባ ዝም ይላሉ፣ ርዕስ ይቀይራሉ፣ ድምፅ ይቀንሳሉ። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንድትሰማ አድርጉ። የቀረውን ራሷ ትሞላዋለች፣ አንዳንዴም ተሳስታ።

እርምጃ 10፦ ፈትሹት

ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ያዙ። ልጅቷ የሌለችበትን ትዕይንት በቀይ፣ ያለችበት ግን ምንም ያልወሰነችበትን በሰማያዊ፣ የወሰነችበትን በአረንጓዴ አስምሩ። ቀዩ በሙሉ ይወጣል። ሰማያዊው ከአረንጓዴው ከበለጠ ልጅቷ ተመልካች ብቻ ሆናለች፤ ወደ እርምጃ 4 ተመለሱ። ውሳኔ ሲባል ግዙፍ ነገር አይደለም። ቁራሿን አለመብላት ውሳኔ ነው።

ከዚያ ረቂቁን ለታዳጊዋ አንባቢ ስጧት። «ወደድሽው?» አትበሏት። «እዚህ ጋ አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪ ነበር?» በሏት። መልሷን ሳታርሙ ጻፉት።

ጥንቃቄ

ከጦርነት የተረፉ ሰዎችን ስታነጋግሩ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። መቼም ማቆም እንደሚችሉ ንገሯቸው። «ምን ተሰማዎት?» ከማለት «ጫማዎ ምን ዓይነት ነበር?» ማለት ይሻላል፤ ሰውየውን አያስጨንቅም፣ የሚገኘውም መረጃ የበለጠ ነው። ስማቸውንና ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ቀይሩ።

ተዋናይዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር፣ ቀረጻ ላይም ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይገኝ። የተራበች እንድትመስል ብላችሁ ምግብ አታስቀንሷት፤ ሜካፕ፣ ሰፊ ልብስና መብራት ይሠሩታል። ጾታዊ ጥቃት የታሪኩ አካል ከሆነ ልጅ ተዋናይ እያላችሁ ድርጊቱን አትቅረጹ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ትዕይንት ይበቃል።

እውነተኛ ጥይት የሚተኩስ መሣሪያ ቀረጻ ቦታ አይግባ። እርሳስ የሌለው፣ ባሩድ ብቻ ያለው የቀረጻ ጥይትም በቅርብ ርቀት ሊገድል ይችላል። የእንጨት መሣሪያ ይዛችሁ ውጭ የምትቀርጹ ከሆነ ለፖሊስና ለአካባቢው ነዋሪ ቀድማችሁ አሳውቁ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

የዘመን አቆጣጠር መደባለቅ። ከሁሉም በላይ የማየው ይህ ነው። ከውጭ መጽሐፍ ስትወስዱ አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 ዓመት ነው የሚቀነሰው። ከበባው የጀመረበት ሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን 1933 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ግን 1934 ይገባል። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ሜይ 5 ቀን 1936 ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፣ ስክሪፕቱ ላይ አንዱን ብቻ።

ልጅቷን የዛሬ ሰው ማድረግ። በዘመኗ ያልነበረ አስተሳሰብ፣ ከዘመኗ በኋላ የመጣ ቃል። ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ የምታውቅ ይመስል መናገርም እዚህ ውስጥ ይገባል። በዲሴምበር 1941 የነበረች ልጅ 1944ን አታውቅም።

ጠላትን ሁሉ አንድ ፊት መስጠት። ልጅ የምታየው ጦር ሠራዊት ሳይሆን አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ምን እንዳደረገ በግልጽ ይታይ፤ ጢሙ፣ ሳሉ፣ የእጁ ጓንትም ይታይ።

ትረካ መብዛት። «ያኔ አላወቅሁም ነበር» የሚል የአሮጊት ድምፅ ከበላይ ካስገባችሁ፣ ልጅቷ እንደምትተርፍ ለተመልካቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ ነገራችሁት ማለት ነው። ሥጋቱ በሙሉ ይረግፋል። ትረካ የግድ ከሆነ በዚያው ቀን የተጻፈ የደብተር ገጽ ይሁን።

መጨረሻ ላይ የጦርነቱን ውጤት በጽሑፍ መደርደር። ታሪኩ የሚያልቀው የልጅቷ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ነው፤ ካርዱን አገኘች ወይስ አላገኘችም።

ረቂቁ ሲያልቅ የሦስት ዓምዱን ሰንጠረዥ አትጣሉት። ለዳይሬክተሩ፣ ለአልባሳትና ለቁሳቁስ ባለሙያዎች ከስክሪፕቱ ጋር አባዝታችሁ ስጧቸው። የዘመኑን ነገር ሁሉ እየደወሉ ከሚጠይቋችሁ እዚያው ያገኙታል።